ንጽሕናቸው የተጠበቀ ወላቃዎች

ጋሽ ፍላሽ ፎቶ አንሺ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ይሄኛውን ከሰጧቸው ግን ሃያ ስድስት ዓመት ስላለፈው፣ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም እሳቸው ራሳቸው የሚያስታውሱት ፎርም ሲሞሉ ብቻ ነው። ፎቶ ቤታቸው ከአንድ ጫማ መሸጫና ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ መሀል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። ከመስታወቱ ኋላ ሙሽሮች፣ ወታደሮችና ጨቅላ ሕፃናት ተደርድረው መንገደኛው ላይ ያፈጣሉ። ከውስጥ ሦስት መጋረጃዎች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ላይ ፏፏቴ፣ አንዱ ላይ የአውሮፕላን መሰላል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ማንም አንብቧቸው የማያውቅ ወፋፍራም መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ ተስሏል። ሰው የፈለገውን መርጦ ፊቱ ላይ ይቆማል፤ አብዛኛው የሚመርጠው መጻሕፍቱን ነው።

ጋሽ ፍላሽ ጥርሳቸውን የነቀሉበት ሙያ ግን ማንሳቱ ሳይሆን ማጽዳቱ ነው። በፎቶ ቤት ቋንቋ ማጽዳት ማለት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ብጉሩን ማጥፋት፣ ሽበቱን ማጥቆር፣ ድርቡን አገጭ ነጠላ ማድረግ ነው። ደንበኛው ሲመጣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ትንሽ ይጽዳልኝ” ይላል። “ትንሽ” የምትለዋ ለይሉኝታ የገባች ናት። እሳቸው ያጸዱት ሰው ፎቶውን ሲቀበል ደስታው ወሰን የለውም፤ መታወቂያ ሲጠየቅ ግን ዘበኛው ፎቶውንና ፊቱን እያፈራረቀ እያየ በር ላይ ብዙ ያስቆመዋል።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸውና ከስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ቶሎ አትወጣም። ስለዚህ ትንሿ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትለቀቅ በቀጥታ የምትመጣው ፎቶ ቤት ነው። እዚያ ከመብራቱ ጃንጥላ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ደንበኛ ትጠብቃለች። ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ አፏን ያለ አንዳች ቁጠባ ትከፍተዋለች። ያፈረው፣ የደረቀው፣ አንገቱ ክራባት ውስጥ የተቀረቀረው ደንበኛ ሁሉ እሷ ስትስቅ ሲያይ ሳያስበው ፈገግ ይላል። ጋሽ ፍላሽ ያን ጊዜ ካሜራቸውን ቀጭ ያደርጋሉ። “መብራቴና ካሜራዬ ቢሰረቁ ሌላ እገዛለሁ፤ ይቺ ብትጠፋብኝ ግን ሱቁን እዘጋለሁ” ይሉ ነበር፤ ሲሉት ደግሞ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ልጅቷ የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ ዘንድሮ አንድ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ስሙም የልጅነት ንጽሕና ጥበቃ ኮሚቴ ይባላል። የተቋቋመው በደህና ሐሳብ ነው። ዳይሬክተሯ፣ ልጆቹ ትልቋ ቲቸር የሚሏት፣ ወላጆችን ሰብስባ፣ “ልጆቻችን በስልክ የማያዩት ጉድ የለም፤ የዋህነታቸው ሳይረክስ እንድረስላቸው” ብላ እንባዋ እስኪመጣ ተናገረች። ወላጆችም ስልካቸውን እየነካኩ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ የሆነ አንድ አባት ሰብሳቢ ሆነ።

ኮሚቴው ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ልጆቹ አሸዋ ይቅማሉ ተብሎ የአሸዋው ገንዳ ተደፈነ። ቀጥሎ ዥዋዥዌው ቀሚስ ያነሳል ተብሎ ወረደ። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚያቁረው የግቢው ጉድጓድ በሲሚንቶ ተሞላ። “ወላቃ” የሚለው ቃል የሥነ ልቦና ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ታገደ፤ የተናገረ ልጅ ግድግዳ ዞሮ እንዲቆም ተወሰነ። በር ላይም “ልጅነታችንን እንጠብቅ፤ መሮጥ ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። በአጭሩ ኮሚቴው ልጅነትን ከልጆቹ በሚገባ ጠበቀው።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ምረቃ ሲቃረብ ለጋሽ ፍላሽ ደብዳቤ መጣላቸው። ማኅተም የተመታበት ነው፤ የመጀመሪያው ስለደበዘዘ አጠገቡ ሁለተኛ ተመትቶበታል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። “ጉዳዩ፦ የምረቃ ፎቶን ይመለከታል። የሚነሱት ፎቶግራፎች የተመራቂ ሕፃናቱን ንጽሕና በተሟላ ሁኔታ የሚያሳዩ እንዲሆኑ በጥብቅ እናሳስባለን።”

ዳይሬክተሯ ንጽሕና ያለችው የልብን ነው፤ ያንን ክፋት ያልነካው የልጅ አስተያየት። ጋሽ ፍላሽ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አጽዱልኝ ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ “እንዲጸዱ ፈልገዋል” አሉ። “ያውም በተሟላ ሁኔታ። ያውም በጥብቅ!” እስከዚያ ቀን ድረስ በማኅተም አጽዱልኝ ያላቸው ደንበኛ አልነበረም። ትንሽ ኮራ አሉ።

ፎቶው የተነሳ ዕለት አርባ ሦስት ልጆች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚወርድ ጥቁር ገዋን ለብሰው ተሰለፉ። ቆቡ ለትልቅ ሰው የተሠራ ስለሆነ ዓይናቸው ላይ ይወርዳል። አንዱ አፍንጫውን በገዋኑ እጅጌ ይጠርጋል፣ ሌላው ቆቡ ውስጥ ብስኩት ደብቋል፣ አንዷ ተራዋን ስትጠብቅ ቆማ እንቅልፍ ወስዷታል። ወላጆች ከካሜራው ኋላ ሆነው ትእዛዝ ያዘንባሉ። “ጋሼ፣ እሱ ሐኪም ነው የሚሆነው፣ ቆፍጠን ያድርጉልኝ!” አለች አንዷ እናት። ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ሽንቱ መጥቶበት በአንድ እግሩ ይዘል ነበር።

የልጅ ልጃቸው ተራ ሲደርስ ቆቧ አፍንጫዋ ድረስ ወረደባትና ሳቀች። ጋሽ ፍላሽ በዚያች ቅጽበት አነሷት። በዕድሜያቸው ካነሱት ፎቶ ሁሉ የሚበልጠውን ማንሳታቸውን እጃቸው አውቆታል። ራሳቸው ግን ማስታወሻቸው ላይ እንደ ሌሎቹ ሁሉ “ትጸዳለች” ብለው ጻፉ።

ማጽዳቱ ሳምንት ፈጀ። ንፍጡን አጠፉ፣ የብስኩቱን ፍርፋሪ ለቀሙ፣ ከዛፍ ሲወድቁ የተገኘውን ጠባሳ ደመሰሱ፣ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው የተንጨባረረውን ፀጉር አስተኙ። ያስቸገራቸው ጥርስ ነው። ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ አንዱ ወላቃ ናቸው። መጀመሪያ ክፍተቱን ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ልጆቹ ጠመኔ የነከሱ መሰሉ። ጥርስ ከየት ይምጣ? ከወላጆቹ እንዳይወስዱ የወላጅ ፎቶ የላቸውም። በመጨረሻ የመምህራኑን የጋራ ፎቶ አወጡ። መምህራኑ ከአርባ ሦስት ልጅ ጋር የዋለ ሰው እንደሚሆነው ከንፈራቸውን ገጥመው ቆመዋል። ከመሀላቸው አንዲት ሴት ብቻ እስከ መንጋጋዋ ፈግጋለች፤ ጥርሷ ነጭ፣ ሙሉ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። ጋሽ ፍላሽ ጥርሱን ቆርጠው፣ አሳንሰው፣ አንዱ ወላቃ አፍ ውስጥ ገጠሙት። ልክክ አለ። የደከመው ሰው የተሳካለትን ሥራ አይቀይርም፤ ለሠላሳ አንዱም ያንኑ አደሏቸው።

ልጅቷ በማግስቱ በርጩማዋን ወደ ኮምፒውተሩ ስባ ተቀመጠች።

“አባባ፣ ይቺ ማናት?”

“አንቺ ነሻ! የራስሽ ፊት ጠፋሽ?”

ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ጠጋ አለች። “ጥርስ አላትኮ።”

“አጽድቼልሽ ነው። አላማረብሽም?”

ልጅቷ በምላሷ ክፍተቱን ዳሰሰች። “እና እኔ ቆሻሻ ነበርኩ?”

“ኧረ! ምን ቆሻሻ ትያለሽ! ለፎቶው ነው እንጂ...” አሉና ስልክ ስለጠራ ብድግ አሉ። የደወለው የመታወቂያ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ነው። ሲመለሱ ልጅቷ ፎቶውን ትታ መንገድ መንገዱን ታያለች። ረስታዋለች ብለው እሳቸውም ረሱት።

በዚያው ቀን አንድ ደንበኛ ፏፏቴው ፊት ተገትሮ ቆመ፤ ልጅቷ ስትስቅ ግን አፏ አልታየም። መዳፏን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ፣ በዓይኗ ብቻ ነው የሳቀችው። ደንበኛውም አልሳቀም። በማግስቱም እንዲሁ። ጋሽ ፍላሽ ጉንጫቸውን ነፉ፣ ጆሯቸውን አንቀሳቀሱ፣ እንደ ፍየል ጮኹ፤ ያን ሁሉ ስታይ ሳቁ ይመጣና እጇ ቀድሞት ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን እናትየዋ ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ አባቷ ዞረች።

“አባዬ፣ ልጄን ምን አድርገዋት ነው? ለምንድን ነው አፏን ይዛ የምትስቀው?”

“ምን አደረግኋት? ጥርስ ነው የሰጠኋት” አሉ። የተናገሩት ነገር ጆሯቸው ሲገባ ደህና ቃል ሆኖ አላገኙትም።

ፎቶዎቹ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ግራና ቀኝ ሲሰቀሉ ወላጆቹ በደስታ አበዱ። “የኔን እይ! የኔን እይ!” ይባላል። አያቶች ጋ ተላከ፣ የስልክ ፊት ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ፍላሽ ጨብጠው የማያውቁትን እጅ ሁሉ ጨበጡ። ጉዱ የፈላው አንድ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ገና የማይመረቅ፣ አውራ ጣቱን ከአፉ አውጥቶ በኮሪደሩ መሀል ሲጮኽ ነው። “ሁሉም የትልቋን ቲቸር ጥርስ አድርገዋል!”

ከዚያ አንገቶች መዞር ጀመሩ፤ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ዳይሬክተሯ፣ ከዳይሬክተሯ ወደ ግድግዳው። ዳይሬክተሯ እንግዳ ለመቀበል ፈገግ ብላ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ልጆችም ከግራና ከቀኝ ያንኑ ፈገግታ መለሱላት። አንድ አባት ሊያስል የፈለገ መስሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ጥርሱን የከደነ ሰው አልተገኘም።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ፍላሽ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡ።

“ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት?” አለች ዳይሬክተሯ፤ ከንፈሯ ብዙ አይከፈትም። “እኛ ደብዳቤያችን ላይ ንጽሕና ነው ያልነው!”

“እኔስ ምን አደረግሁ? አጸዳኋቸው።”

“የልብ ንጽሕና! የልጅነት የዋህነት!”

“ልብ የሚነሳው ራጅ ቤት ነው፣ እሜቴ። እኔ ከደረት በላይ ነው የማነሳው።”

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። ወላጆቹ ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። አንዷ እናት ተነስታ፣ “ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ልጄ እንዲህ አምሮባት አያውቅም፤ እንዳይነካብኝ” አለች። ሌሎቹም “እውነቷን ነው” አሉ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ከሄደ በኋላ ቃለ ጉባኤው እንዲህ ተጻፈ፤ ፎቶዎቹ የልጅነትን ንጽሕና በሚገባ የሚያሳዩ ሆነው ስለተገኙ ባሉበት ይቆዩ፤ ሆኖም ጥርሶቹ ከተለያዩ ሰዎች ተውጣጥተው ይተኩ። ሰብሳቢው እዚያው ከንፈሩን ገልጦ፣ “የኔ ይሆናል?” ሲል ጠየቃቸው። ጋሽ ፍላሽ እንደ ሙያቸው አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

ሁሉም ሲወጣ ዳይሬክተሯ በሩን ዘጋች። ጋሽ ፍላሽ ተቆጪ መጣብኝ ብለው ይቅርታቸውን ማዘጋጀት ሲጀምሩ እሷ ቀደመቻቸው።

“ለጥርሶቹ አይጨነቁ። የኔም አይደሉም።”

“እንዴት?”

“ሰው ሠራሽ ናቸው። የራሴዎቹ ጠማማ ነበሩ። ልጅ ሆኜ አክስቴ እንግዳ ሲመጣ ‘አፍሽን ያዢ’ ትለኝ ነበር፤ ለክፋት አይደለም፣ እንዳምር ብላ። ይዤው ቀረሁ። አሁን እነዚህን የመሰሉ ጥርሶች አሉኝ፤ ኮሪደር ላይ ካልፈገግሁ በቀር ግን ሳቄ በመጣ ቁጥር እጄ ይነሳል። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ጋሼ።” እጇንም እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው።

ጋሽ ፍላሽ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የልጅ ልጃቸው ነገር እንደ ጉንፋን በሳምንት የሚለቅ መስሏቸው ነበር። እስከ ሃምሳ ዓመት ዕድሜ ይቆያል ብሎ የነገራቸው አልነበረም። ስለ ልጅቷ ነገሯት፤ ስለ በርጩማው፣ ስለ ስልኩ ጥሪ፣ “እና እኔ ቆሻሻ ነበርኩ?” ስላለቻቸው። ዳይሬክተሯ ብዙ አልጠየቀችም። የኮሪደሩን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ “ቅዳሜ ኮሚቴው አይመጣም” አለች።

ቅዳሜ ቀን ጋሽ ፍላሽ መሰላል ተሸክመው ሄዱ። የጸዱትን አርባ ሦስት ፎቶዎች አውርደው፣ ካሜራው ያያቸውን፣ ያልጸዱትን አርባ ሦስት ሰቀሉ። ንፍጡም፣ ፍርፋሪውም፣ ጠባሳውም ተመለሰ። የልጅ ልጃቸውን ከልጅ ቁመት እንዳያልፍ ዝቅ አድርገው ሰቀሏት።

ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ በጩኸት ተናጋ። “የኔ ሦስት ነው የጎደለው!” “የኔ አራት!” “ውሸታም፣ አንዱ ጥቁር ነው እንጂ አልወለቀም!” ሐኪም የሚሆነው ልጅ አንድም ስላልወለቀለት አኩርፎ ማዕዘን ላይ ቆመ። የታገደው ቃል በአንድ ጠዋት መቶ ጊዜ ተነገረ፤ ሁሉም ግድግዳ ዞረው ይቁሙ እንዳይባል ግድግዳው ላይ ያሉትም እነሱው ናቸው። ወላጆች ፊታቸውን አጨፍግገው ሰብሳቢውን በስልክ መፈለግ ጀመሩ።

ጋሽ ፍላሽ ግን የሚያዩት አንዲት ልጅ ብቻ ነው። ልጅቷ ፎቶዋ ፊት ቆማለች። መዳፏ አፏ ላይ ነው።

“አባባ፣ የኔን ለምን አላጸዳኸውም? ረስተኸው ነው?”

እሑድን ሙሉ የሚሉትን ሲያዘጋጁ ነው የዋሉት። “አልረሳሁትም። እንደዚህ ነው የምታምሪው፣ የኔ እናት። ያኔ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።”

“ያኔም አምሮብሻል ብለኸኝ ነበር” አለች ልጅቷ። አልተቆጣችም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

አንዲት የልጅ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ካሜራው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እዚያ ጩኸት መሀል ማንም ባያይ ኖሮ ባለቀሱ። ልጅቷ መጣችና አጠገባቸው ቆመች። ካሜራውን በጣቷ ነካካችው።

“አንተን ማን ያነሳሃል?”

“ማንም” አሉ፤ እውነትም ማንም አልነበረም።

“ላንሳህ?”

ማንጠልጠያውን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር አዞሩላት። ካሜራው ይከብዳል፤ በግራ እጇ ከሥር ደግፋ በቀኟ ቁልፉን ያዘች። ከዚያ የእሳቸውን ድምፅ አወጣች። “ቀና በል! አገጭህን ዝቅ! ዓይንህን እንዳትጨፍን! በል ሳቅ!”

ጋሽ ፍላሽ ከንፈራቸውን ወደ ጎን ሳቡ። ሰው ሁሉ እሳቸው ፊት ሲቆም የሚያደርገውን ነው ያደረጉት።

“እንደሱ አይደለም! በደንብ!”

አፋቸውን ከፈቱ። ከላይ በግራ በኩል ሦስት የሉም፤ ከታች ያሉትም እርስ በርስ አይጠጋጉም። ልጅቷ በካሜራው መስታወት ውስጥ አጮለቀች።

“አባባ! አንተም ወላቃ ነህ!”

ሳቀች። ሁለቱም እጆቿ ካሜራውን ይዘው ስለነበር አፏን የሚከድን እጅ አልተረፋትም። ድዷ፣ ምላሷ፣ ከታች ብቅ ማለት የጀመረችው አዲስ ጥርስ፣ ሁሉም ታየ። ብርሃኑ ቦግ አለ።

“ወጣህ!” አለችና ካሜራውን ልታወርድ ስትል ጋሽ ፍላሽ ደንገጥ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

“ቆይ ቆይ፣ እንዳታወርጂው! ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ድገሚኝ።”

ዓይናቸውን አልጨፈኑም ነበር። ደገመቻቸው። “አሁን ደግሞ ተንቀሳቅሻለሁ” አሉ። ሰብሳቢው ከኮሪደሩ ጫፍ ደብዳቤ ይዞ እየጮኸ ሲመጣም ዞር አላሉም። የመግቢያው ደወል እስኪደወል ድረስ ጋሽ ፍላሽ አፋቸውን እንደከፈቱ ሃያ ሁለት ጊዜ ፎቶ ተነሱ።